ጡሩንባው ከውሃው ይቅደም



ከትናንት ጀምሮ ውሃ እንኳ በገንዘቤ ገዝቼ እንድጠጣ አልፈቀዳችሁልኝም። እግዜር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። እናንተ የድሬዳዋ ሰዎች እንግዳ አቀባበል ታውቁበታላችሁ ሲባል እሰማ ነበር፤ አሁን በራሴ አየሁት።

የላካችሁልኝ የግብዣ ወረቀት ርእሱን «የማኅበረሰብን የማይበገር አቅም ለማክበር የሚደረግ የከተሞች የወዳጅነት ውድድር» ይለዋል። ቃሉ የስብሰባ ቃል ነው፣ ይከብዳል። በቤታችን ቋንቋ ልበለው። ክፉ ቀን ሲመጣ ጎረቤቱን የማይጥል ከተማ የቱ ነው? እንዴት አድርጎ ነው የማይጥለው? እሱን ፈልገን እናመስግነው፣ ከእሱም እንማር ነው ነገሩ።

ዛሬ ሦስት ነገር አነሣለሁ። መጀመሪያ፣ ውድድር ብናደርግ ምኑን ነው የምንለካው የሚለውን። ቀጥሎ፣ ሌሎች አገሮች እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት እንደሠሩት። በመጨረሻ እኛ፣ እዚህ፣ በምን እንጀምር የሚለውን። መጀመሪያው ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ታገሡኝ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ደቻቱ ውስጥ ገብቼ ተራመድኩ። ልጆች በአሸዋው ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ፣ ከመጋላ ወደ ከዚራ ይሻገራል። አንዲት ሴት በጀርባዋ ልጅ አዝላ፣ በእጇ ዘንቢል ይዛ መሐል ላይ ቆማ ስልክ ታወራለች። ጠብታ ውሃ የለም። ለእንግዳ ይህ ወንዝ ነው ብትሉት አያምናችሁም።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ። ያያችሁትን እኔ መልሼ ልተርክላችሁ አልመጣሁም። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስ። ዝናቡ በዋናነት የጣለው በደጋው፣ ከደንገጎ በላይ ባለው አገር ነው። ከዚያ ነው ጎርፉ በሌሊት ቁልቁል ወርዶ ሰው በተኛበት የደረሰው። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤት አልባ ሆነ። ደጋው ላይ ዝናቡ ሲጀምርና ከተማው ውስጥ ውሃው በር ሲሰብር በመካከሉ ጊዜ ነበረ። ብዙ ላይሆን ይችላል፤ ግን ልጅ አንጠልጥሎ፣ አሮጊት አዝሎ ዳገት ለመውጣት ይበቃ ነበር። ያን ጊዜ የተጠቀመበት ሰው አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ስላልነበረ።

በማግሥቱስ? በማግሥቱ ጭቃውን በእጁ የጫረው ጎረቤት ነው። ድንኳን የተከለው፣ የከፈነው፣ የቀበረው፣ የወላጅ አልባውን ልጅ እጅ የያዘው እድሩ፣ አፎሻው፣ ዘመዱ ነው። ሀገር ያለቀሰውን ያህል ድሬ በዚያ ሳምንት ሠርታለች።

ከደቻቱ ወጥቼ አንድ የእድር ጸሐፊ ዘንድ ሄድኩ። ስሜን አትጥራ ስላሉኝ አልጠራም፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ግን ተቀምጠዋል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የቆርቆሮ ሣጥን ከፍተው መዝገብ አወጡ። ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ፣ ሽፋኑ ወዝ የጠጣ ትልቅ መዝገብ ነው። ከፊት የአባላት ስም፣ የወር መዋጮ፣ ያልከፈለው ላይ ቀይ ምልክት። ከኋላ የንብረት ዝርዝር፤ ድንኳን ሁለት፣ አግዳሚ ወንበር ሠላሳ፣ ትልቅ ድስት አራት፣ ጀሪካን፣ ብርጭቆ በደርዘን፣ ጡሩንባ አንድ፣ ቃሬዛ አንድ።

«ጋሼ፣ ቃሬዛው ለማን ነው?» አልኳቸው።

«ለሬሳ ነዋ!»

«የታመመ ሰው ተሸክማችሁበት አታውቁም?»

ዝም አሉ። መዝገቡን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «እናቴ አገር፣ ገጠር፣ ምጥ የጠናባትን በቃሬዛ ነበር ወደ ጤና ጣቢያ የምንወስደው። እዚህ ባጃጅ አለ፣ ታክሲ አለ ብለን ተውነው» አሉኝ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጨመሩ፤ «ያን ሌሊት ግን ባጃጅም መግቢያ አልነበረውም።»

ጡሩንባውንም ጠየቅኳቸው። ሰው ሲሞት ይነፋል፤ ሰፈሩ ይሰማል፤ ሰው ሥራውን ትቶ ይወጣል። አንድ ጊዜ እንኳ ተነፍቶ ሰው ሳይወጣ ቀርቶ ያውቃል? «በጭራሽ!» አሉኝ። ተቆጡ ማለት ይቻላል።

የዛሬው ንግግሬ ዋና ሐሳብ ይሄ ነው፤ ደግሜ ደጋግሜ እለዋለሁና አትሰልቹ። በየሰፈሩ ሲነፋ ሰው ሁሉ የሚወጣለት ጡሩንባ አለን። እስካሁን የምንነፋው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ውድድር ካደረግን፣ የምንለካው ጡሩንባው ሰው ሳይሞት የተነፋበትን ከተማ ይሁን።

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላሉ። በዚህ አገር፣ በተለይ ለሐረር ሰው፣ ጅብ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ጀግንነት ይጎድለናል እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን የሆነውን አስታውሱ። የመጀመሪያው ናዳ በሌሊት ጥቂት ቤቶችን ቀበረ። ሲነጋ ጎረቤት ሁሉ አካፋና መቆፈሪያ ይዞ፣ የሌለውም በባዶ እጁ፣ ሊያወጣቸው ሮጠ። በቁፋሮው ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ መጣባቸው። ከሞቱት ከ200 በላይ ሰዎች ብዙዎቹ ሰው ሊያድኑ የሄዱ ናቸው። እነዚያን ሰዎች ሳስብ ቃል ያጥረኛል። ከእነሱ በላይ ምን ዓይነት ወገን ይኖራል? የጎደለው ፍቅር አልነበረም። አንዴ የተናደ ተራራ ዳግም ሊናድ እንደሚችል የሚያውቅ፣ «ቆዩ፣ አንድ ሰው ከላይ ይቁምና ተራራውን ይይ» የሚል አንድ ድምፅ ነበር የጎደለው። ያ ድምፅ አስቀድሞ ተመርጦ፣ ተምሮ፣ ሰፈሩም እሱን ሊሰማ ተስማምቶ መገኘት አለበት። በዕለቱ አይፈጠርም።

ጎረቤት ቀድሞ የሚደርሰው እኛ ድሃ ስለሆንን ነው የሚል ካለ ጃፓንን ይይ። በጥር 1995 እ.ኤ.አ. ኮቤ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ከ6 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ጃፓን ሀብታም ናት፤ እሳት አደጋው፣ መሣሪያው፣ ወታደሩ ሁሉ አላት። ሆኖም ከፍርስራሽ በሕይወት ከወጡት አብዛኞቹን ያወጡት ቤተሰቦቻቸውና ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጎረቤት እዚያው ነው፤ አያትየው በየትኛው ክፍል እንደሚተኙም ያውቃል።

አንድ ምሳሌ ልጨምርና ወደ ሁለተኛው ነጥቤ እሻገራለሁ። በ1970 እ.ኤ.አ. ዛሬ ባንግላዲሽ የምትባለውን አገር አውሎ ነፋስ ከባሕር መጥቶ መታት። 300 ሺህ ያህል፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ፣ ሰው በአንድ ሌሊት አለቀ። በ1972 እ.ኤ.አ. መንግሥትና ቀይ መስቀል ሆነው የበጎ ፈቃደኞች ሠራዊት አቋቋሙ። መሣሪያቸው ምን መሰላችሁ? የእጅ ድምፅ ማጉያ፣ በእጅ የሚዞር ሳይረን፣ ባንዲራ፣ ብስክሌት። አንድ ባንዲራ ከተሰቀለ ተጠንቀቁ፣ ሲጨመር ተዘጋጁ፣ ሲሞላ ውጡ። ዛሬ ከ70 ሺህ በላይ ናቸው፤ ግማሽ ያህሉ ሴቶች ናቸው። በ2007 እ.ኤ.አ. ሌላ ብርቱ አውሎ ነፋስ ሲመታቸው የሞተው ከ3 ሺህ በላይ ነበር። ሦስት ሺህ ነፍስ ትንሽ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ከ300 ሺህ ጋር አስተያዩት። በመካከሉ መጠለያ ተሠርቷል፣ ትንበያ ተሻሽሏል፤ ይህን ሁሉ ከሰው ጆሮ ያደረሰው ግን በር ለበር የሮጠው የሰፈር ልጅ ነው። የእነሱ ድምፅ ማጉያ የእኛ ጡሩንባ ነው።

አሁን ወደ ውድድሩ ልምጣ።

በመጀመሪያ ከዚሁ ልጀምር። ሐረር ጎረቤታችሁ ናት፤ በ2002 እና 2003 እ.ኤ.አ. ዙር የዩኔስኮን የሰላም ከተሞች ሽልማት ከአፍሪካ ተመርጣ ያገኘች ከተማ ናት። ለምን ተሸለመች? በሕንጻዋ ቁመት አይደለም። በጀጎል ግንብ ውስጥና ውጭ ሃይማኖቱም ቋንቋውም የሚለያይ ሰው ተጎራብቶ ስለሚኖር ነው። የሐረር ሰው ያን ሽልማት ዛሬም በኩራት ያነሣል። እኔን የሚገርመኝ ሽልማቱ አይደለም፤ ከሽልማቱ በኋላ ያደገ ልጅ «እኛ የሰላም ከተማ ነን» እያለ ማደጉ ነው። የተመሰገነ ጠባይ ሥር ይሰዳል። ውድድር ከዚህ የበለጠ ጥቅም የለውም ብል አላጋነንኩም።

ከውጭ ደግሞ እኔ በጣም የምወደው የአየርላንድን ነው። የ1950ዎቹን እ.ኤ.አ. አየርላንድ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ። በእነዚያ አሥር ዓመታት ከ400 ሺህ በላይ ሰው ከዚያች ትንሽ አገር ተሰደደ። ወጣቱ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አሜሪካ ይሄዳል፤ መንደሩ ውስጥ ሽማግሌና የተዘጋ ሱቅ ይቀራል። ልጆቻችን በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገሩ ሲወጡ ዝም ብላ የምትቀር ሰፈር ምን እንደምትመስል እዚህ ለምትኖሩት አልነግራችሁም።

በ1958 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የቱሪዝም ቦርድ የንጹሕ ከተሞች ውድድር ብሎ አንድ ነገር ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 52 ከተሞችና መንደሮች ብቻ ተመዘገቡ። ያሸነፈችው ግሌንቲስ የምትባል፣ በአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ፣ በዶኔጋል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በማግሥቱ ዓመትም አሸነፈች፣ በሦስተኛውም። በ1962 አሸነፈች፤ ከዚያ በ1995 እ.ኤ.አ. እንደገና ተነሣችና ዋንጫውን ወሰደች። ሠላሳ ሦስት ዓመት ቆይቶ! በመካከሉ አንድ ትውልድ ሙሉ አልፏል።

ሲጀመር ነገሩ አጥር መቀባትና አበባ መትከል ነበር። እያደር ግን ሰፋ። ዛሬ ነጥብ ከሚሰጥባቸው ነገሮች አንዱ ማኅበረሰቡ ራሱ ነው፤ ስንት ሰው ይሳተፋል፣ ዕቅድ አላችሁ ወይ፣ ወጣቱ አለበት ወይ። ውሃና ጉልበት ማባከን መቀነስ፣ አዕዋፍና ዛፍ መጠበቅ፣ ሁሉም ገባበት። በዓመት ከ800 በላይ ከተሞችና መንደሮች ይመዘገባሉ። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮሮና ምክንያት ሲቀር ብዙ መንደሮች ሥራቸውን አላቆሙም። ያን ጊዜ ልምዱ የእነሱ መሆኑ ታየ።

የዚህ ውድድር አሠራር ውስጥ ልቤን የወሰደው ሁለት ነገር አለ። አንደኛው፣ ዳኛው በበጋው ወራት ሳይናገር ነው የሚመጣው። ቀኑን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ለአንድ ቀን ብቻ መሽሞንሞን አይቻልም። እኛ ባለሥልጣን ሊመጣ ነው ሲባል የዳር ድንጋይ ኖራ የምንቀባውን፣ ለማኙን ከመንገድ የምናነሣውን ሁላችንም አይተናል። እንዲህ ያለው ነገር ውድድሩን ከመጀመሪያው ይገድለዋል። ለማኙን ከዓይን ያራቀ ከተማ ጽናት የለውም፤ ጽናቱ ለማኙን ጠርቶ ስሙን ማወቁ ላይ ነው።

ሁለተኛው፣ ከዋንጫው በላይ የምወደው፣ ሪፖርቱ ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ፣ ላሸነፈውም ለተሸነፈውም፣ ዳኛው ያየውን ጽፎ ይሰጠዋል። በዚህ መግቢያ መንገድ ጥሩ ሠርታችኋል፣ እዚያ ግንብ ላይ ደግሞ ሥራ ይቀራችኋል፣ ነጥባችሁ አምና ይህን ያህል ነበር፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ሆነ ይላል። ሪፖርቱ ለሕዝብ ይወጣል። ጎረቤት መንደርም ያነበዋል። ስለዚህ አብዛኛው መንደር የሚወዳደረው ከሌላው ጋር አይደለም፤ ከአምናው ከራሱ ጋር ነው። ውድድሩ የወዳጅነት ነው የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ድሬ ሐረርን ብትበልጥ ምን ይጠቅማል? ድሬ የአምናዋን ድሬ ብትበልጥ ግን የሚድን ሰው ይኖራል።

ሌላም አለ። ከተሞቹ በሕዝብ ብዛት ተከፋፍለው ነው የሚወዳደሩት፤ 200 ሰው የማይሞላት መንደር ከትልቅ ከተማ ጋር አትጋጭም። የአጠቃላይ ዋንጫውን ግን ማንም ሊወስደው ይችላል። በ2017 እ.ኤ.አ. በርድሂል የምትባል ትንሽ መንደር ወስዳዋለች። ገንዘብ ብቻ የሚያሸንፍበት ውድድር ቢሆን እሷ ከየት ታመጣዋለች?

አዲስ አበባም በ2016 እ.ኤ.አ. በሮክፌለር ፋውንዴሽን «100 የማይበገሩ ከተሞች» ውስጥ ተመርጣ እንደነበር ላንሣ። ከመላው ዓለም ከ1 ሺህ በላይ ማመልከቻ ቀርቦ መቶ ከተማ ተመረጠ። በጥናትና በዕቅድ ደረጃ ጥሩ ሥራ ነበር። ሆኖም እንዲህ ያለው ውድድር ከማዘጋጃ ቤት ነው የሚጀምረው፤ የእድር ጸሐፊው ሣጥን ድረስ ለመውረድ ብዙ ደረጃ አለው። እኔ ከሣጥኑ ቢጀመር እላለሁ።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። ከመሄዴ በፊት አንድ ሰው ትናንት የጠየቀኝን ልመልስ። «ጠንካራ ናችሁ፣ ትችላላችሁ እያላችሁ መንግሥት የሚሠራውን በእኛ ልትጭኑ ነው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። የጎርፍ መከላከያ ግንብ የሚገነባው በበጀት ነው፣ በመዋጮ አይደለም። የጎርፍ መውረጃን ከቆሻሻና ከግንባታ ነጻ ማድረግ፣ ደጋውን በዛፍ ማልበስ፣ የዝናብ መለኪያ መትከል የመንግሥት ግዴታ ነው። የሕዝቡን ጽናት እያመሰገነ ግንቡን የሚረሳ ካለ፣ ምስጋናው ስድብ ነው። ስለዚህ ውድድሩ ማዘጋጃ ቤቱንም መዳኘት አለበት። እድሩ ጡሩንባ ሲነፋ፣ ሰው የሚሮጥበት መንገድ ተከፍቷል ወይ? መብራት አለው ወይ? ይህም በሪፖርቱ ይጻፍ፤ ለሕዝብም ይውጣ።

እንግዲህ በምን እንጀምር? በሦስት ከተሞች። ድሬ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ። ሦስቱም የተለያየ ክፉ ቀን አሳልፈዋል፤ ስለዚህ አንዱ ለሌላው አስተማሪ ነው። ድሬ ጎርፍ ታውቃለች። ሐረር ጥም ታውቃለች፤ የሐሮማያ ሐይቅ ሲደርቅ በቧንቧዋ የሚመጣው ውሃ እንዴት እንደራቀ፣ ጎረቤት ከጎረቤት በጀሪካን እንዴት እንደተካፈለ እናቶች ይነግሯችኋል። ጅግጅጋ ደግሞ ድርቅ ታውቃለች። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዝናብ በተከታታይ ወቅቶች ሲቀር፣ ከብቱ ያለቀበት ዘመድ ከሐውድ ወደ ከተማ ሲገባ፣ ቤቱን ከፍቶ የተቀበለው የከተማው ሰው ነው። ሶማሌ ወንድሞቻችን ቃራን የሚሉት አለ፤ አንዱ ሲቸገር ጎሣው፣ ወዳጁ ገንዘብ አሰባስቦ ያነሣዋል፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ ሳይቀር። የሐረር ሰው አፎቻ አለው። የኦሮሞ ወገናችን አፎሻ አለው። እኛ እድር እንላለን። ስሙ አራት፣ ሥራው አንድ። እስካሁን ግን የእድሩ ጸሐፊና የአፎቻው መሪ ቁጭ ብለው መዝገብ ለመዝገብ አላስተያዩም። ውድድሩ ቢያንስ ይህን ያደርጋል።

አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ። እነዚህ ከተሞች በውሃ የተሳሰሩ ናቸው። ሐረር ዛሬ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ ከድሬ አካባቢ ከርሰ ምድር ወጥቶ ዳገቱን ሽቅብ ተገፍቶ የሚሄድ ነው። የድሬ ጎርፍ ደግሞ ከደጋው ቁልቁል ይመጣል። ውሃ ከታች ወደ ላይ ይሄዳል፣ ጎርፍ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። ታዲያ ወሬስ? ደንገጎ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ቀድሞ የሚያየው እዚያ ያለው ገበሬ፣ እዚያ ያለው ባለ ሱቅ፣ የሹፌር ምግብ የምታበስለው ሴት ናት። ስልኳ ውስጥ የድሬ አንድ የእድር ጸሐፊ ቁጥር ቢኖርስ? ገንደ ቆሬ ላሉት፣ ደቻቱ ዳር ላሉት ሕፃናት ያ አንድ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው። እኔ ዳኛ ብሆን የመጀመሪያውን ከፍተኛ ነጥብ የምሰጠው ለዚያች የስልክ ቁጥር ነው። በዚያ ነጥብ ላይ ደግሞ የላይኛውና የታችኛው አብረው ይሸለሙ፤ አንዱ ብቻውን ሊያገኘው አይችልምና።

ዳኞቹ እንዴት ይምጡ? የሐረር ሰው ድሬን ይይ፣ የድሬ ሰው ጅግጅጋን፣ የጅግጅጋ ሰው ሐረርን። ሳይናገሩ ይምጡ፤ በክረምት፣ ሲመሽ። ማዘጋጃ ቤት አይሂዱ፤ ሪፖርትም አይቀበሉ። አንድ መንገድ ይምረጡ፣ የአንዱን ቤት በር ያንኳኩ፣ የከፈተላቸውን ሰው ይህን ይጠይቁት፤ «በዚህ መንገድ ላይ ብቻውን መሮጥ የማይችል ማን አለ? እሱንስ የሚያነሣው ማነው?»

የተጠየቀው ሰው ስም ከጠራ፣ «እዚያ ሰማያዊ በር ጋ ዓይናቸው የማያይ እማማ አሉ፣ የእኔ ልጅ ነው የሚያወጣቸው» ካለ፣ ያ ሰፈር ነጥቡን አገኘ። ቀጥለው ሁለተኛ በር ያንኳኩ። ሁለተኛውም ያንኑ ስም ከጠራ ሰፈሩ ተነጋግሮበታል ማለት ነው። ይህን በወረቀት ማስመሰል አይቻልም። ብዙ ገንዘብም አይፈልግም።

ከዚያ ቃሬዛውን ይጠይቁ፤ የት ነው ያለው፣ ቁልፉ ማን ዘንድ ነው፣ በሌሊት ቢፈለግ በስንት ደቂቃ ይወጣል? ጡሩንባውን ይጠይቁ። ለሞት የሚነፋው ድምፅና ለውሃ የሚነፋው ድምፅ ይለያያል ወይ? ይህ ትንሽ ጥያቄ ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ዓይነት ከሆነ ሰው ለቀብር ሊወጣ ነጠላውን ሲፈልግ ጎርፉ ይደርስበታል። ለሞት ረጅም፣ ለውሃ አጭር አጭር ሦስት ጊዜ ይሁን ብላችሁ ብትስማሙ፣ ልጆች በትምህርት ቤት ቢለማመዱት፣ በዓመት አንድ ቀን ከክረምት በፊት ተነፍቶ ሰፈሩ በሙሉ ዳገት ወጥቶ እዚያ ሻይ ቢጠጣ! እኔ ለዚያ ሻይ ከአዲስ አበባ ድረስ እመጣለሁ።

ለአሸናፊው ምን ይሰጥ? ገንዘብ አትስጡ፤ ገንዘብ ጠብ ያመጣል፤ ይህን ከእድር መዝገብ በላይ የሚያውቀው የለም። አሸናፊው ከተማ በሚቀጥለው ዓመት የሌሎቹን ተወካዮች ሦስት ቀን ያስተናግድ፣ ያሳይ፣ ያስተምር። ተሸናፊው ደግሞ ሄዶ የመማር መብት ያግኝ።

ንግግሬን ልጨርስ። ትናንት ማታ ከጸሐፊው ጋር ስንለያይ፣ መዝገባቸው ላይ አንድ አምድ እንዲጨምሩ ለመንኳቸው። ከስሙ ቀጥሎ፣ ከመዋጮው በፊት። አምዱን «ብቻውን የማይወጣ» አልነው። ዛሬ ጠዋት ሆቴል ድረስ መዝገቡን በፌስታል ይዘውት መጡ። ከቤታቸው እስከ ማእዘኑ ድረስ ባለው አንድ መንገድ ብቻ አሥራ አራት ሰው ጽፈዋል። ልጅዋን ትናንት የወለደች አራስ አለች። ክራንች የሚይዝ ወጣት አለ። ቀን ሥራ ላይ የምትውል እናታቸውን የሚጠብቁ ሦስት ሕፃናት አሉ። በመጀመሪያው መስመር ላይ ያለው ስም የራሳቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ከጎኑ «የሚያነሣው» በሚለው ቦታ የጎረቤታቸው ልጅ ስም ተጽፏል፤ ልጁ ራሱ ነው የፈረመው።

መዝገቡ እዚያ፣ ሻይ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ጸሐፊውም አጠገቡ ይሆናሉ። ሄዳችሁ እዩት፣ አምዱን እንዴት እንዳሰመሩት ጠይቋቸው። የሐረርና የጅግጅጋ እንግዶች ቀድማችሁ ሂዱ።